ታሊንን በአንድ ቀን ሁለቴ

ልጄን ለማየት ሁለት አውሮፕላን ቀይሬ፣ እግሬ አብጦ፣ አንገቴ ደርቆ ከሲያትል ታሊን በገባሁ ማግስት፣ ጠዋት ከፊቴ ቆማ ያገኘኋት አረንጓዴ ጃኬት የለበሰች አስጎብኚ ናት። ልጄ አልነበረም። ዛሬም ሳስበው ደሜ ይፈላል።

ነገሩን ከሥሩ ልናገር። እኔና ባለቤቴ የምንኖረው ሲያትል፣ ሬኒየር ቢች የሚባል ሰፈር ነው። እሱ ከሃያ ዓመት በላይ ኤርፖርት ታክሲ ሲነዳ ቆይቶ ጡረታ ወጥቷል። እኔ ራቅ ብላ ያለች ፌደራል ዌይ የምትባል ከተማ እየተመላለስኩ አንዲት አሜሪካዊት አሮጊት እንከባከባለሁ። ያለን አንድ ልጅ ነው። እዚሁ አደገ፣ ኮምፒውተር ተማረ፣ ጥሩ ሥራ ያዘ። አንድ ቀን መጥቶ፣ "እማዬ፣ ኤስቶኒያ ሥራ አገኘሁ፣ ታሊን የሚባል ከተማ" አለኝ። የሁለቱንም ስም ስሰማ የመጀመሪያዬ ነው። ባለቤቴ ስልኩ ላይ ካርታ አውጥቶ ባልቲክ ባሕር ዳር ያለችውን አገር በሁለት ጣቱ እያሰፋ ሲያያት ቆየና፣ "ዋና ከተማዋ ሲያትልን እንኳ አታክልም እኮ" አለ። ልጁ ሳቀ። እኔ አልሳቅኩም። የዓለም ሰው ለዚህ ሥራ ሲያትል ሲጎርፍ የኔ ልጅ ሲያትልን ትቶ የሚሄድበት ምክንያት አልገባኝም፤ እውነቱን ለመናገር አሁንም በደንብ አልገባኝም።

ሄደ። እሁድ እሁድ ይደውላል። ሥራ እንዴት ነው ስለው "ቢዚ ነኝ፣ ስብሰባ በዛብኝ" ይላል። አለቃህስ ስለው "ጥሩ ሰው" ይላል። ከዚያ "ሶ፣ አባዬስ እንዴት ነው?" ብሎ ወሬውን ያዞራል። እኔ ግን ከዚህች ቁንጽል ነገር ተነስቼ ትልቅ ወሬ እሠራ ነበር። ከቅዳሴ በኋላ ፓርኪንግ ላይ ቆመን ሰላም ስንባባል "ልጅሽስ?" ያለኝን ሁሉ "አውሮፓ ኢንጂነር ሆኗል" እለዋለሁ። ሳልጠየቅ የተናገርኩበት ቀንም አለ፤ አልክድም።

ሦስተኛው ዓመት ላይ ሄደን እንየው አልን። ባለቤቴ ጉልበቱን ያመዋል፤ ያመኛል ግን አይልም። ሐኪሙ ዱላ ያዝ ቢለው ዱላውን ገዝቶ መኪናው ውስጥ ጥሎታል። ስለዚህ ጥሩ የመራመጃ ጫማ ገዛሁለትና ከመሄዳችን በፊት አንድ ወር ያህል ሰፈራችን ያለው ሐይቅ ዳር በየጠዋቱ ላለማምደው ሞከርኩ። አሥር ርምጃ ሄዶ ይቆማል። ዓሣ የሚያጠምድ ሰው ካየ ምን እንደያዘ ይጠይቃል። ውሻ ካየ ስንት ዓመቱ ነው ይላል። "ጉልበትህን ካመመህ አመመኝ በል" እለዋለሁ። "ማን አመመኝ አለ? ሰው ላናግር ነው እንጂ" ይለኛል። አንድ ወር ሙሉ እንዲህ ጨጓራዬን ሲልጠው ከረመ።

ታሊን ኤርፖርት ልጃችን ተቀበለን። ከስቷል። እቅፍ አድርጎ ረጅም ጊዜ ያዘኝ። ቤቱ አንድ ክፍል ነው፤ አልጋውን ለኛ ለቆ እሱ ሶፋ ላይ ሊተኛ ነው። እራት አቅርቦልን ገና አንድ ጉርሻ ሳልውጥ፣

"እማዬ፣ ነገ ሥራ አለኝ። ግን ለእናንተ ዎኪንግ ቱር ቡክ አድርጌያለሁ" አለኝ።

"ምን?"

"በእግር እየዞራችሁ ከተማውን ታያላችሁ። ሦስት ሰዓት ይፈጃል።"

"ሌሊትና ቀን በሰማይ መጥቼ ደግሞ ሦስት ሰዓት በእግሬ? አንተን ላይ እኮ ነው የመጣሁት።"

"ማታ ታዪኛለሽ።"

"ፈቃድ አትወስድም እንዴ? አለቃህ ጥሩ ሰው ነው አላልከኝም?"

"ይሄ ሳምንት ከባድ ነው፣ እማ።"

አባቱ ከሳህኑ ቀና ሳይል፣ "ተይው፣ ልጁ ሥራ አለው" አለ። እሱ ሁልጊዜ የሚሰጠኝ ድጋፍ ይሄ ነው።

በማግስቱ ልጁ ከከተማው አዳራሽ ፊት ለፊት ያለው ትልቅ አደባባይ አድርሶን፣ አስጎብኚዋን በሩቁ በእጁ አሳይቶን ተሰወረ። ሴትዮዋ ረጅም ናት፤ ሠላሳ አምስት ቢሆናት ነው። ጸጉሯ እንደ ደረቀ ገብስ የነጣ፣ ጃኬቷ ከሩቅ የሚጮህ አረንጓዴ። ከእኛ ሌላ ስድስት ጎብኚዎች ነበሩ። ሁሉም በዕድሜ ይበልጡናል፣ ሁሉም በእግር ይቀድሙናል።

መሬቱ በሙሉ ኮብልስቶን ነው። ከባሕሩ በኩል የሚመጣው ነፋስ የሲያትልን ብርድ ለለመደ ሰው እንኳ አይመችም፤ የሲያትሉ በዝናብ ነው የሚመጣው፣ የዚያኛው አጥንት ይፈልጋል። አስጎብኚዋ በእንግሊዝኛ ታስረዳለች። ይሄ ግንብ እንዲህ ነው፣ ያ የነጋዴ ቤት እንዲያ ነው። በየአምስት ደቂቃው ደግሞ ዞር ብላ እኔን፣ "በረደሽ? ትንሽ ትቀመጪ?" ትለኛለች። ከእኔ ይበልጥ ያረጁ ስድስት ሰዎች አጠገቤ ቆመው እኔን ብቻ መጠየቋ አበሸቀኝ። ምን አይታብኝ ነው አልኩ በልቤ። ባለቤቴን "አሮጊት መስያታለሁ?" አልኩት። "ጥሩ ልጅ ናት፣ ተንከባከበችሽ" አለኝ። እንክብካቤማ የኔ ሥራ ነው፤ ሲበዛ ምን እንደሚመስል አውቃለሁ።

ባለቤቴ ግን ተመችቶታል። ለብዙ መቶ ዓመታት ሥራ ያላቋረጠ ነው የተባለ መድኃኒት ቤት ጋ ስንደርስ እጁን አውጥቶ ድሮ ለጉልበት ምን ይሰጡ እንደነበር ጠየቀ። ከግንቡ ውጪ ስንወጣ ስድስት ጎማ ያላት፣ ዕቃ የምታደርስ ትንሽ ሮቦት በእግረኛው መንገድ መጣች። ሌሎቹ ፎቶ ሲያነሱ እሱ ወደ ጎን ብሎ እጁን ዘርግቶ፣ እንደ ሽማግሌ ሰው፣ አሳለፋት። "አንተ ብታልፍ ምናለ?" አልኩት። "ሥራ ላይ ናት" አለኝ።

ከዚያ ዳገቱ መጣ። ወደ ላይኛው ከተማ የሚወጡ ሁለት ጎዳናዎች አሉ። የአንዱ ስም ረጅም እግር፣ የሌላው አጭር እግር ማለት ነው። አንዱ እግሯ ስለሚያጥር ከተማችን ታነክሳለች ይባላል ብላ አስጎብኚዋ ነገረችን። ባለቤቴ ይህን ሲሰማ ሳቁ ገነፈለ። "እንደ እኔ!" አላት። አሥራ ምናምን ዓመት ለኔ ያልተናገረውን ለማያውቃት ሰው፣ ዳገት ላይ ቆሞ ተናገረ። 

ጫፍ ላይ ጥቋቁር ጉልላት ያሉት ትልቅ ቤተ ክርስቲያን አለ፤ የሩሲያ ኦርቶዶክሶች ናቸው። አስጎብኚዋ አሥር ደቂቃ ሰጠችን። ሰው ሁሉ በጫማው ይገባል። ባለቤቴ በሩ ጋ ሲደርስ ጎንበስ ብሎ ማሰሪያውን መፍታት ጀመረ።

"ምን እያደረግክ ነው? እነሱ አያወልቁም" አልኩት።

"ቤተ ክርስቲያን አይደለም እንዴ?"

"ነው። የነሱ ሥርዓት ግን—"

"የነሱን እነሱ ያውቃሉ" አለና ጫማውን ከግድግዳው ሥር አስተካክሎ አስቀመጠ። እኔም ነጠላዬን ሳብ አድርጌ ተከተልኩት። ጫማዬን እንዳወልቅ የብርዱ ነገር አስፈራኝ፣ እንዳላወልቅ ደግሞ እሱ አውልቋል። በመጨረሻ በጫማዬ ገባሁ፤ ስለዚህ እንደ ልቤ አልጸለይኩም።

እሱ አንድ ጥግ ይዞ ቆመ። አሥር ደቂቃው አለፈ። ሃያ ሆነ። ጎብኚዎቹ ደጅ ቆመው ይንቀጠቀጣሉ። ትከሻውን ነካሁት፣ አልሰማኝም። ስንወጣ ጫማው የለም።

በግራ አየን፣ በቀኝ አየን። ሻማ የምትሸጠውን ሴት አስጎብኚዋ በሩሲያኛ ጠየቀቻት፤ አላየሁም አለች። ባለቤቴ በካልሲው እርጥብ ድንጋይ ላይ ቆሞ፣ "የቸገረው ሰው ወስዶት ይሆናል፤ ይሁንለት" ይላል።

"ላንተስ ምን ይሁንልህ? በካልሲ ነው ከዚህ ዳገት የምትወርደው?" አልኩት።

አስጎብኚዋ ያን ጊዜ ስልኳን አወጣችና ደወለች። በእንግሊዝኛ፣ "ጫማ ይዘህ ና፣ ቤተ ክርስቲያኑ ጋ ነን፣ ያባትህ ጠፍቶ ነው" አለች። ዘጋችው።

ቀስ ብዬ ጠየቅኳት። "ማን ጋ ነው የደወልሽው?"

"ልጃችሁ ጋ።"

"ቁጥሩን ከየት አገኘሽው?"

ፊቷ እስከ ጆሮዋ ቀላ። መልስ ፍለጋ ወደ ጎብኚዎቹ አየች፤ እነሱም የሚያውቁት ነገር አልነበረም። "እሱ ቢነግራችሁ ይሻላል" ብላ ሌሎቹን ይዛ ከተማው ቁልቁል ወደሚታይበት ሰገነት ሄደች።

ቢሮው በአውቶቡስ አርባ ደቂቃ ነው ብሎን ነበር። በስምንት ደቂቃ ደረሰ። ከጠባቡ መንገድ እየሮጠ ብቅ ሲል በእጁ ፌስታል ይዟል፤ የለበሰው ያንኑ አስጎብኚዋ የለበሰችውን ዓይነት አረንጓዴ ጃኬት ነው። ለማውለቅ እንኳ አላሰበም።

"ይሄ ምንድን ነው የለበስከው?" አልኩት።

ቁልቁል ጃኬቱን አየ። ትንፋሹ ቁርጥ ቁርጥ ይላል። "እማ፣ አይ ካን ኤክስፕሌን።"

"በአማርኛ አስረዳኝ።"

ፌስታሉን ደረጃው ላይ አስቀመጠ። ከዚያ ልክ ከትምህርት ቤት ጠፍቶ እንደተያዘበት ጊዜ በአንድ ትንፋሽ አወጣው። "ካምፓኒው ሰው ቀነሰ። እኔንም ቀነሱኝ። ሰባት ወር ሆነኝ።"

"ሰባት ወር? እሁድ እሁድ ስብሰባ በዛብኝ የምትለኝስ?"

"ስብሰባ የለም።"

"አለቃዬ ጥሩ ሰው ያልከኝስ?"

በአገጩ ወደ ሰገነቱ አሳየኝ። "እሷ ናት። ቱሩ የሷ ነው፤ እኔ እሷ ጋ ነው የምሠራው። እንዳትነግራቸው ብዬ ለመንኳት።"

እንግዲህ ጠዋቱን ሙሉ በረደሽ ወይ ስትለኝ የነበረው ለዚህ ነው። የሠራተኛዋ እናት መሆኔን ታውቃለች። የማላውቀው እኔ ብቻ ነኝ።

"አስጎብኚ" አልኩ። ቃሉ አፌ ውስጥ ተንከባለለ። "ኮምፒውተር ያስተማርንህ የሰው ግንብ እንድታሳይ ነው? ሥራ ከጠፋ ለምን ቤትህ አልመጣህም? ክፍልህ እንዳለ ነው።"

"ብመጣ ለሰዎቹ ምን ትያቸው ነበር?"

"ለየትኞቹ ሰዎች?"

"ታውቂያቸዋለሽ፣ እማዬ።"

አውቃቸዋለሁ። እዚያ ፓርኪንግ ላይ ቆሜ የተናገርኩት ሁሉ ባሕር ተሻግሮ ልጄ ጆሮ እንደገባ አላውቅም ነበር። መናደዴን አልተውኩም፤ ግን በማን እንደተናደድኩ ተምታታብኝ። ይህን ጊዜ ከቤተ ክርስቲያኑ የጎን በር አንዲት ሻርፕ ያሰረች አሮጊት የጽዳት ሠራተኛ የባለቤቴን ጫማ በሁለት ጣቷ አንጠልጥላ ወጣች። ሰካራም ትቶት የሄደ መስሏት መጥረጊያዋን ከምታስቀምጥበት ክፍል አስገብታው ኖሯል። በሩሲያኛ ረጅም ቁጣ ተቆጣች። ባለቤቴ እጅ ነሳት፤ ጫማውን በሁለት እጁ ተቀበለ። ሴትዮዋ እጅ ሲነሳት ግራ ገብቷት ቁጣዋን መሐል ላይ ተወችው።

ባለቤቴ ደረጃው ላይ ተቀምጦ ማሰሪያውን እያሰረ፣ "የሚቀጥለው ጉብኝት መቼ ነው?" አለ።

"ከሰዓት በኋላ" አለው ልጁ።

"ማነው የሚያስጎበኘው?"

"እኔ ነኝ።"

"እንመጣለን።"

"ማን ነው የሚመጣው?" አልኩ። "እኔ ሁለተኛ ይሄን ዳገት አልወጣም።"

ወጣሁት። ምሳ በልተን፣ እግሬ የራሴ መሆኑ እስኪያጠራጥረኝ ደንዝዞ፣ ያው አደባባይ ላይ ከሃያ ሰው ኋላ ቆምኩ። ልጄ ድንጋይ ላይ ወጥቶ ስሙንና ከየት እንደመጣ ተናገረ። እኛን ሲያይ ድምፁ ተሰናከለ፤ ቀጥሎ ምን እንደሚል ጠፋው። ልሂድለት ብዬ ዞር ስል ባለቤቴ ክንዴን ያዘኝ።

ይህ ልጅ በልጅነቱ አፍ አልነበረውም። ሬኒየር ቢች ትምህርት ቤት ሳለ አስተማሪዋ አስጠርታኝ፣ "ልጅሽ ክፍል ውስጥ አይናገርም፣ ቤት ውስጥ ችግር አለ ወይ?" ብላኛለች። ያን ቀንም ተናድጄ ነበር። አሁን ግን ቀስ በቀስ ቃሉ ተፈታ። ነገሥታቱን ቶሎ ቶሎ አለፋቸው። የግንቡ ዘበኛ ክረምት ላይ እዚያ ማማ ውስጥ ምን እንደሚበላ፣ ውሃ የምትቀዳ ገረድ ስንት ደረጃ እንደምትወርድ፣ እንደዚህ ያለውን ነገር ነው የሚያወራው። ሰው ይስቃል፣ ዝም ይላል፣ ደግሞ ይስቃል። ስልክ የሚነካካ አላየሁም።

እኔ ግን ምኑንም በሰላም አልሰማሁም፤ ምክንያቱም የሚናገረው ወደ ኋላ እየተራመደ ነው። ፊቱን ወደ ሰው አዙሮ፣ ባላየው ኮብልስቶን ላይ፣ ሦስት ሰዓት። ዓይኔን ከተረከዙ አልነቀልኩም። መኪና በመጣ ቁጥር "ከኋላህ!" ልል አፌን እከፍትና እተወዋለሁ። ከዚያች ከተማ ግንብና ጉልላት ይልቅ የልጄን ተረከዝ ነው በደንብ የማስታውሰው። አንዴም አልተደናቀፈም።

አባቱ ደግሞ ከፊት ተሰልፎ ጠዋት የጠየቀውን ሁሉ ደግሞ ጠየቀ። መልሱ ከጠዋቱ ትንሽ ከተለየ፣ "ጠዋት እንደዚህ አልተባልንም" ይላል ሰው ፊት። ልጁ ሁለት ጊዜ "እመለስበታለሁ፣ አባዬ" አለው። ሰዉ አባቱ መሆኑን ያን ጊዜ አውቆ አጨበጨበለት፤ ለማን እንዳጨበጨበ ግን ግልጽ አልነበረም። ባለቤቴ ለራሱ ወሰደው።

ማታ ቤት ገብተን እግሬን ሙቅ ውሃ ውስጥ ነክሬ የቀረኝን ቁጣ ሁሉ ተቆጣሁ። ስለ ውሸቱ፣ ስለ ሰባቱ ወር፣ ስለ ክብደቱ መቀነስ። ሶፋው ላይ ተቀምጦ ሰማኝና በመጨረሻ፣ "ደስ ይለኛል ግን፣ እማዬ" አለኝ።

"ምኑ?"

"ሥራው።"

ደስታ እንደ ሥራ ይቆጠራል ወይ ልለው ነበር። ድካም ያዘኝና ተውኩት።

ሲያትል በተመለስን በመጀመሪያው እሁድ ፓርኪንግ ላይ ስካይዌይ የምትኖር አንዲት ወዳጄ፣ "እንኳን ደህና መጣችሁ፤ ልጃችሁ እንዴት ነው? እዚያው ካምፓኒ ነው?" አለች። እኔ "ደህና ነው" ብዬ በደፈናው ላልፍ ስዘጋጅ ባለቤቴ ቀደመኝ። "ከተማ ያስጎበኛል። እንዴት ያለ አስጎብኚ መሰለሽ!" አላት። መሬት ተከፍታ በዋጠችኝ አልኩ። መኪና ውስጥ ልጨርሰው ወሰንኩ።

ሴትዮዋ ፈገግ ብላ፣ "አይ፣ እስኪሻለው ነዋ። እሱማ ሥራ ነው ይባላል?" አለች።

ይህንኑ የሚመስል ነገር እኔ ራሴ ዳገት ላይ ቆሜ ብዬዋለሁ። ከሷ አፍ ስሰማው ግን ሌላ ነገር ሆነብኝ። "ብርድ ላይ ቆሞ ሃያ ሰው ሦስት ሰዓት ሙሉ ሳይሰለች ማዋል ሥራ ካልሆነ ሥራ ምንድን ነው?" አልኳት። ድምፄ ከፍ ብሎ ኖሯል፤ ሌሎቹም ዞሩ። "አይ፣ እኔ እኮ በጎ ብዬ ነው" አለች። ባለቤቴ መኪናውን አስነስቶ ጠበቀኝ። መንገዱን ሙሉ ይስቅ ነበር፣ በጎን አይቼዋለሁ። መኪና ውስጥ ላወርድበት ያሰብኩትን ቁጣ ሳላወጣው ቤት ደረስን።

አሁን እሁድ እሁድ ሲደውል ሁሉን ይናገራል። ድሮ አምስት ደቂቃ ይፈጅ የነበረው ስልክ አንድ ሰዓት ይፈጃል። ማን ዘግይቶ እንደመጣ፣ ማን ምን እንደጠየቀ፣ የትኛው ማማ ለጥገና እንደተዘጋ። ሥራ ፈልግ እለዋለሁ። "ኦኬ እማዬ" ይላል። እንደማይፈልግ አውቃለሁ፣ እንደማውቅም ያውቃል።

ባለፈው እሁድ ተረኛ ስለነበርኩ ኮቴን ለብሼ ቁልፌን ይዤ ሳለ ደወለ። ዝናብ ጥሎ ሁለት ሰው ብቻ መጥተውለት ሙሉውን መንገድ እንዳዞራቸው ነገረኝ።

"ለሁለት ሰው? ቤትህ አትገባም ነበር?" አልኩት።

"ሁለት ሰውም ሰው ነው፣ እማዬ።"

ስልኩን ለአባቱ ሰጠሁት፤ እሱ ሁለቱ ሰዎች ከየት አገር እንደሆኑ መጠየቅ ጀመረ። ወጥቼ ወደ ፌደራል ዌይ ነዳሁ። አይ-ፋይቭ የሚባለው አውራ ጎዳና ላይ ደግሞ አደጋ ደርሶ ሁለቱ መስመር ተዘግቶ ነበር፤ አሮጊቷ ጋ አርባ ደቂቃ ዘግይቼ ደረስኩ።